ተራ የሚለቀው ባለተራው ነው

ያቺን ሦስት ቁጥር የጻፈችው ሥርጉት ራሷ ናት። በገዛ እጇ፣ በገዛ እስክሪብቶዋ። ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ ረግማውም አልቅሳም ይወጣላት ነበር። በገዛ እጅ በተጻፈ ነገር ግን ማን ይረገማል? ስለዚህ ያዘዛትን ሰው ያዘች፤ ጓድ ከፍያለውን። ሰባት ወር ሙሉ «እንደምን አደሩ ጓድ» እያለች፣ ወረቀት እያቀረበችለት፣ በልቧ ቀን ስትጠብቅለት ከረመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥርጉት ማረው ደሴ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነበረች። አባቷ አቶ ማረው በሕይወት ሳሉ ሰኞ ገበያ ላይ ወፍጮ ነበራቸው። እሳቸው ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ቀድሞ የመጣ ጆንያ ቀድሞ ይፈጫል። የሹም ቤት ጤፍም ይምጣ የድሃ ማሽላ፣ ከኋላ ነው የሚሰለፈው። ተራ የሚፈርሰው አራስ ካለችበት ቤት ወይም ከለቅሶ ቤት እህል ሲመጣ ብቻ ነው። ያን ጊዜም አቶ ማረው ብቻቸውን አያሳልፉም። ወደተሰለፈው ሰው ዞር ብለው፣ «የለቅሶ ቤት ነው፤ ምን ትላላችሁ?» ይላሉ። ሰዉ ባንድ አፍ «ይለፍ» ይላል። «ተራ የሚለቀው ባለተራው ነው። እኔ በሰው ተራ የምቸር ማን ነኝ?» ይሉ ነበር።

ሥርጉት መሥሪያ ቤት ስትቀጠር ይህንኑ ይዛ ገባች። ከጠፍጣፋ እንጨት ላይ የቆመ አንድ ረጅም ምስማር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። የሚጻፍ ወረቀት ሲመጣ እዚያ ላይ ትሰካዋለች፤ ጠዋት ጠዋት ክምሩን ገልብጣ ከታች ከነበረው ትጀምራለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራች፤ «የኔ ወረቀት የት ደረሰ?» ብሎ የተጣላት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ከፍያለው ኃላፊ ሆኖ ተሹሞ መጣ። ውጭ አገር ስድስት ወር ኮርስ ወስዶ የተመለሰ፣ ሸሚዙ ኪስ ላይ ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ የሚሰካ ሰው ነው። ምስማሯን ባየ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ።

«ጓዲት፣ ይኼ የሥራ ዕቅድ ነው ወይስ የሥጋ መስቀያ?»

በማግሥቱ ለሁሉም ሠራተኛ አንዳንድ ትንንሽ ደብተር ታደለ። እያንዳንዱ ሰው የቀን ሥራውን እዚያ ይመዘግባል። መጀመሪያ የወረቀቱ ቁጥር፣ ቀጥሎ ደረጃው፣ ከዚያ ሥራው የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት። ደረጃውን የሚሰጠው ራሱ ከፍያለው ነው። አንደኛ የተባለ ቀይ ፎልደር ውስጥ ይገባል፣ ሁለተኛ ሰማያዊ፣ ሦስተኛ አመድማ። ለፊርማ የሚቀርበውም በነዚሁ በሦስቱ ነው። አንደኛው ሳያልቅ ሁለተኛው አይነካም፤ ሁለተኛው ሳያልቅ ሦስተኛው አይከፈትም። ስም የሚባል ነገር ደግሞ ደብተር ላይ አይጻፍም። «ታይፒስት ቁጥር እንጂ ስም አታይም» አለ ከፍያለው።

ሥርጉት በሳምንቱ ጠየቀችው። «ጓድ፣ ሦስተኛዎቹ መቼ ይሠራሉ?»

«አንደኛና ሁለተኛ ሲያልቁ ነዋ።»

«እነሱስ መቼ ያልቃሉ? በየቀኑ አዲስ አንደኛ ይመጣል።»

«እንግዲያው ሦስተኛው መጀመሪያውኑ አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው» ብሎ በብልኅነቱ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ሥርጉት በኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳታለች።

ቢያዝን ታናሽ ወንድሟ ነው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ የጸሎት አዳራሻቸው ከታሸገ ወዲህ በየሰው ጓዳ ነበር የሚሰበሰቡት። ቢያዝን ኮምቦልቻ ውስጥ ከአምስት ሰዎች ጋር ሲጸልይ ተያዘ። እስር ቤት በገባ በሁለተኛው ወር ተስቦ ያዘው። ሥርጉት በየሁለት ቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረደች ትጠይቃለች። «ሆስፒታል የምትወስዱት መቼ ነው?» ስትል፣ «ለበላይ ጽፈናል፤ ፈቃድ እየጠበቅን ነው» ይሏታል። «የትኛው በላይ?» ስትል ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። እሷም ሽቅብ ወደ ደሴ ተመልሳ ታይፗ ፊት ትቀመጥና ስለ ሰልፍ መፈክር፣ ስለ አዳራሽ ወንበር ስትጽፍ ትውላለች። ቢያዝን ፈቃድ ከተጠየቀለት በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

ለቅሶው አብቅቶ ሥራ በገባች ቀን ካርቦን አልቆባት መሳቢያዋን ከፈተች። አመድማውን ፎልደር ስታነሳው አንድ ወረቀት ሾልኮ ወደቀ። ቁጥር 214፣ ከኮምቦልቻ እስር ቤት የተላከ። «እስረኛ ቢያዝን ማረው በጠና ስለታመመ ደሴ ሆስፒታል እንዲታከም ፈቃድ እንዲሰጠን» ይላል። ቀኑን አየች፤ ቢያዝን ከመሞቱ አሥራ አንድ ቀን በፊት የተጻፈ ነው። ደብተሯን ገልጣ ፈለገች። ከፍያለው በቃሉ ሲነግራት እሷ ጽፋዋለች፤ «214 — 3»። ያን ሁሉ ቀን ኮምቦልቻ ድረስ እየወረደች የለመነችው ፈቃድ ከጉልበቷ አንድ ክንድ ርቆ ተኝቶ ነበር።

 ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በማግሥቱ ከፍያለው ፊት ቀርባ፣ «ጓድ፣ እኔ እንዳልሳሳት ከዛሬ ጀምሮ ደረጃውን በእጅዎ ይጻፉልኝ» አለችው። ደስ አለው፤ ሥርዓቱ የገባት መሰለው።

እናቷ እማማ ፀሐይነሽ ግን የልጃቸውን ፊት ያውቁታል። «ቂም ይዘሻል» አሏት አንድ ቀን ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለችው ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው። «በቀል የጌታ ነው፤ ለሱ ተይለት።»

«የጌታም ደብተር እንደኛ ከሆነ፣ እማዬ፣ የቢያዝንን ነገር ሦስተኛ ብሎት ይሆናል።»

«አፍሽን ያዢ» አሉ እናቷ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር አላነሱም።

በሰባተኛው ወር፣ በሚያዝያ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ በሺር አዲስ የገቡ ደብዳቤዎች ቁጥር ሰጥቶ አመጣላት። ሥርጉት ከዚያ ወዲህ የማታነበው ወረቀት የለም። ቁጥር 87 ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ከኮምቦልቻ አንድ ቀበሌ የተጻፈ ነው። «ብሩ ከፍያለው የተባለው ወጣት የመሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛ ነኝ ብሏል። እውነት መሆኑን እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት በጽሑፍ ካላረጋገጣችሁልን ለብሔራዊ ውትድርና ከተመለመሉት ጋር የምንልከው መሆኑን እናስታውቃለን።»

ብሩ የከፍያለው አንድ ልጅ ነው። ከእናቱ ጋር ኮምቦልቻ ይኖራል፤ እውነትም እዚያ ባለው የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ዕቃ መዝጋቢ ነው። ባለፈው ሳምንት ቀበሌ ጠርቶት መታወቂያውን አሳይቶ እንደተለቀቀ ከፍያለው ሰምቷል። ነገሩ ያለቀ መስሎት ልቡን ጥሎ ተቀምጧል።

በሺር ከጠረጴዛዋ አልሄደም። «ሥርጉት፣ ይኼ የጓድ ከፍያለው ልጅ አይደለም እንዴ?»

«ቁጥር ነው» አለችው።

በሺር ትክ ብሎ አያት። ቢያዝንን የቀበሩ ቀን አፈር ካለበሱት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። «ወላሂ ንዴትሽ ይገባኛል» አለ። «እኔ ዛሬ ለእህቴ ሰርግ ቢስቲማ እሄዳለሁ፤ እስከ ቅዳሜ የለሁም። አላህን ፍሪ ብቻ።» የማኅተሙን ቁልፍ ትቶላት ሄደ።

ሥርጉት የቀኑን ዝርዝር እንደ ወትሮዋ ደብተሯ ላይ አዘጋጀች። «87፣ ከቀበሌ፣ ማጣሪያ» ብላ ከሌሎቹ መሐል ጻፈችውና ለከፍያለው አቀረበች። እሱ ስልክ እያወራ ነበር። እስክሪብቶውን ከኪሱ ስቦ ከላይ እስከ ታች ወረደበት፤ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ሰማንያ ሰባት ላይ ሲደርስ ቀና እንኳ ሳይል ሦስት አለና አለፈ።  ሥርጉት እሰየው አለች በሆዷ፤ ደስታዋ እንደ ትኩሳት እግሯ ድረስ ወረደ።

አንድ ነገር ግን አደረገች። ጠረጴዛዋ ላይ ተመልሳ የሰማንያ ሰባትን መልስ ከሁሉ አስቀድማ ጻፈችው። «ብሩ ከፍያለው ሠራተኛችን መሆኑን እናረጋግጣለን።» ሠርዛ አልደለዘችም፣ ፊደል አልሳተችም። ለፊርማ በአመድማው ፎልደር ከተተችና ከፍያለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከቀዩና ከሰማያዊው ሥር አስቀመጠችው። ነገ አንድ ሰው ቢጠይቃት እጇ ንጹሕ ነው። ልጁን የሚያድነው ወረቀት አባቱ ክንድ ሥር አለ፤ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ መግለጥ ብቻ ነው። የወንድሟ ወረቀት ከሷ ጉልበት የራቀውን ያህል ነው የራቀው።

ማክሰኞ አልገለጠውም። ረቡዕ አልገለጠውም። የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ ደርሶ አንደኛው በዝቷል። ሥርጉት ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛውን ስትወለውል የአመድማውን ፎልደር አቧራ በጨርቅ ትጠርግለታለች። ሐሙስ ዕለት ለሻይ ሲወጣ ክንዱ መትቶት ፎልደሩ ወደቀ። እሷ በበሩ ታየው ነበር። ከፍያለው ጎንበስ ብሎ አነሳው፣ እንደተዘጋ መልሶ አስቀመጠውና ወጣ።

ዓርብ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ስልኩ ጮኸ። የደወለችው አበባ፣ የከፍያለው ሚስት ናት። ድምፅዋ ሥርጉት ዘንድ ድረስ ይሰማል። ብሩን ጠዋት ከቤት ወስደውታል፣ መሥሪያ ቤትህ ሰኞ ተጠይቆ መልስ አልሰጠም ይላሉ፣ መኪናዎቹ ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣሉ። ከፍያለው ስልኩን ሳይዘጋው ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ከኮምቦልቻ ቀበሌ የመጣ ደብዳቤ የታለ?»

ሥርጉት ደብተሯን ገለጠችና ወደሱ አዞረችለት። ከዚያ ሰዓቷን አይታ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ በሰማንያ ሰባት አጠገብ፣ የተጀመረበት በሚለው አምድ ላይ ያየችውን ሰዓት ሞላች። «ይኸውና። ሰማንያ ሰባት። ሦስተኛ።»

የራሱን እጅ ጽሑፍ አፍጦ አየው። «የልጄ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ታይፒስት ቁጥር እንጂ ስም አታይም።»

«ጻፊው። አሁን ጻፊው፣ አንድ መስመር ነው።»

«አንደኛዎቹ አላለቁም፣ ጓድ።»

እስክሪብቶውን ነጥቆ ሦስቱን ሰረዘና አንድ ብሎ ጻፈ። ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም። ሥርጉት ተረጋግታ ቀዩን ፎልደር ከፈተች። «ጥሩ፤ አሁን አንደኛ ሆነ። ከፊቱ ግን ሰባት አንደኞች አሉ።»

«በእጄ እጽፈዋለሁ!»

«በእጅ የተጻፈ ማኅተም አይመታበትም ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎት።»

ከፍያለው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያ የሚፈራ ሰውዬ እንደ ባለጉዳይ ጉልበቱን ገጥሞ ተቀመጠ። «እሺ፣ ምን ላድርግ?» አለ። ሥርጉት ሰባት ወር የጠበቀቻት ቃል ይህች ነበረች፤ ስትመጣ ግን ጣፈጠቻትና ቶሎ ልትውጣት አልፈለገችም።

«አባቴ ወፍጮ ነበረው» አለች። «ተራ የሚለቀው ባለተራው ነው ይል ነበር። እነዚህ ሰባቱ የእርስዎ ናቸው፤ እርስዎ ይልቀቁ። አንድ በአንድ።» የመጀመሪያውን ወረቀት አነሳችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ለሰልፉ ባነር የሚሆን ቀይ ጨርቅ አሥር ሜትር እንዲሰጠን። አንደኛ ነው?»

«አይደለም።»

«ይሰርዙት። ይለፍ ይበሉ።»

«ይለፍ።» ሰረዘ።

«የአዳራሹ ወንበሮች ከቀኝ ወደ ግራ እንዲደረደሩ። አንደኛ ነው?»

«ሥርጉት፣ በፈጠረሽ—»

«አንደኛ ነው?»

«አይደለም። ይለፍ።»

እንዲህ እያለች የችግኝ ተከላውን ሪፖርት፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ግርጌው ድረስ፣ አነበበችለት። የእንግዶቹን አልጋ አነበበችለት። የመፈክሩን ዝርዝር፣ ሃያ ሁለት መፈክር ነው፣ አንዱንም ሳትዘል አነበበችለት። ከፍያለው በእያንዳንዱ ላይ «ይለፍ፣ ይለፍ» ይላል። ሾፌሩ ሞላልኝ ግቢ ውስጥ ላንድሮቨሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ሥርጉት የሞተሩን ድምፅ ትሰማለች። አልቸኮለችም።

ሰባተኛው ሲሰረዝ ደብተሩን ዘጋች። «ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ምን እንደነበረ ያስታውሳሉ?»

ግንባሩን ጨመደደ። ከልቡ ለማስታወስ እየሞከረ ነው፤ ይህ ነው ከሁሉ ያቃጠላት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ግን ለመርሳት እንኳ ቀድሞ አላወቀውም። ከደረቷ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችለት። ቢያዝን ማረው የሚለውን ሲያነብ አየችው፤ ከዚያ ስሟ የተጻፈበትን የበሩን ሰሌዳ ሲያይ።

«አላወቅሁም» አለ።

«እኔም አላወቅሁም። ቁጥር ነበር። አሥራ አንድ ቀን።» አገጯን ወደ ቢሮው ወረወረች። «አሁን ይሂዱና ሦስተኛውን ፎልደር ይክፈቱ። መልሱን ሰኞ ጽፌዋለሁ። ፊርማ ብቻ ነው የቀረው።»

ገብቶ ከፈተው።  ፈርሞ ሲመጣ እንባው አገጩ ላይ ነበር፤ እሷ ማኅተሙን መታችለት፣ እሱም የፎቁን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ላንድሮቨሩ በበሩ ሲወጣ ሥርጉት ሰዓቷን አየች፣ ያለቀበት የሚለውን አምድ ሞላች፣ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሞላልኝ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻውን ተመለሰ። ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። «ሐረጎን ነፍስ ይማር ብዬ ነው ያበረርኳት» አለ። «ስድስት ሰዓት ከአሥር ደረስን። መኪናዎቹ በሰዓታቸው ወጥተዋል። አቧራው ገና አልበረደም ነበር። ሰውዬው ወረቀቱን በእጁ ይዞ እየሮጠ ተከተላቸው፤ የቀረነው እንዲያው አሥር ደቂቃ ነው።»

ሥርጉት ወደ ቤቷ ስትሄድ እግሯ መሬት የነካ አይመስላትም ነበር። እናቷ ምስር እየለቀሙ አገኘቻቸው፤ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰኞን፣ ፎልደሩን፣ ስልኩን፣ ሰባቱን «ይለፍ» ሁሉ በከፍያለው ድምፅ እየደገመች። «በገዛ እጁ ነው የጻፈው፣ እማዬ። ወረቀቱ አምስት ቀን ክንዱ ሥር ነበር። እኔ ጣቴን አላነሳሁበትም፤ እጄ ንጹሕ ነው።»

እማማ ፀሐይነሽ ምስሩን አስቀመጡ። 

«አባትሽ ወፍጮ ቤት» አሉ፣ «የለቅሶ ቤት እህል ሲመጣ ሰዉ ተራ ለመልቀቅ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበት ነበር?»

«ምን ጊዜ ይፈጃል፤ ባንድ አፍ ይለፍ ይላል እንጂ።»

«አንድ ቃል ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው አምስቱ ቀን የሱ ይሁን፣ ልጄ። ዛሬ ስልኩ ከተደወለ በኋላ ያለው የማን ነው?»

 ሥርጉት ቦርሳዋን ሳበችና ደብተሩን አውጥታ የሳምንቱን ገጽ ገለጠች። የተሰረዙት ሰባት አንደኞች በከፍያለው እጅ ናቸው። ሰማንያ ሰባት ቁጥር አጠገብ የተሰረዘው ሦስትም፣ ከላዩ የተጻፈው አንድም በሱ እጅ ነው። ከጎኑ ግን የተጀመረበት አራት ሰዓት ከአርባ አምስት፣ ያለቀበት አምስት ሰዓት ከሩብ ይላል። ያ ጽሑፍ የራሷ ነበር።